አንድ አበል፣ ሦስት አመቻቾች

ይህ የአንድ የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ጉዳይ ነው። ጣቢያው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ የጤፍ አገር ነው። የቀበሌውን፣ የወረዳውንና የሰዎቹን ስም ትቻለሁ። ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ ግጭት ተነስቶ የብዙ ትምህርት ቤት በር ከመዘጋቱ በፊት ነው። እኔ ያኔ በቀበሌው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጎልማሶቹ የሚማሩት በእኛ ክፍል ስለነበር ጣቢያውን የመከታተል ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ስለ ጎልማሶች ትምህርት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰዉ ለምን ይቀራል?» መልሱም የታወቀ ነው። አዝመራ ነው፣ በዓል ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ግንዛቤ ማነስ ነው። እኔ በተከታተልኩት ጣቢያ ግን ከተማሪው በፊት የቀረው አስተማሪው፣ በፕሮግራሙ ቋንቋ «አመቻቹ»፣ ነበር። የቀረውም ሰንፎ አይደለም። ምን ተምሮ ወደ ክፍል እንደገባና ገንዘቡ መቼ እንደሚደርሰው ላየ ሰው፣ ያን ያህል መቆየቱም ይገርማል።

መጀመሪያ ግን አሠራሩን ልንገራችሁ። አገሪቱ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣችው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ተከትሎ የመጣው ፕሮግራም «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» ይባላል። ሁለት ዓመት ይወስዳል። ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ከእርሻው፣ ከጤናውና ከገቢው ጋር ተያይዞ እንዲሰጥ ነው የታሰበው። ስለዚህም ትምህርት፣ ግብርና፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ አብረው እንዲሠሩ በየደረጃው ቦርድ ተቋቋመ። በእኛ ወረዳ ቦርዱ ሲሰበሰብ ሁሉም ይመጣል። ለጣቢያው ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ግን ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነበር።

ሥራው ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። ከወንዶቹ 69 በመቶ።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «በደርግ ጊዜ እንዴት ተቻለ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ግን ያኔ የሚያስተምረው ዘማች ነው። ተማሪውና መምህሩ ዝመት ሲባል ይዘምታል፣ ሕዝቡ ያዋጣል። የደመወዝ ጥያቄ አልነበረም። የዛሬው አመቻች ዘማች አይደለም። መንግሥት የቀጠረው ሠራተኛም አይደለም። ሲፈለግ እንደ ዘማች፣ ሲጠየቅ እንደ ሠራተኛ ይታያል።

በሥልጠና በኩልም ጎጃም ጀማሪ አይደለም። ባሕር ዳር በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረች ጊዜ፣ በ1965 ዓ.ም. ግድም፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እገዛ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፍቶባት ነበር። ዓላማው ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነው። አካዳሚው ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የጎልማሶች ትምህርት እዚያ በዲግሪ ይሰጣል። ችግሩ፣ እኔ የማውቃቸው ተመራቂዎች የተቀጠሩት ዞንና ወረዳ ላይ ባለሙያ ሆነው ነው። ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት ያልመጣለት የሰፈር ልጅ ነበር።

የመጀመሪያው አመቻች እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ፈጣን ነው፣ ሰው ይወደዋል። የወረዳው ከተማ ላይ አምስት ቀን ሠልጥኖ መጣ። ማስታወሻ ደብተሩን አሳይቶኛል። መጀመሪያ የፖሊሲ ማብራሪያ። ቀጥሎ የፕሮግራሙ ዓላማና የቦርዱ አደረጃጀት። ከዚያ የምዝገባና የሪፖርት ቅጽ አሞላል፤ ይሄኛው ገጽ በገጽ ተጽፏል። ጎልማሳ ከሕፃን በምን እንደሚለይ ግማሽ ቀን። ፊደል አስተማመር አንድ ቀን፣ እየተፈራረቁ ሠርቶ ማሳያ አቅርበዋል። ሒሳብ ፈልጌ ያገኘሁት አንዲት መስመር ነው፦ «ቁጥር ማስቆጠር፣ አራቱ መደቦች»፤ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ማለት ነው። አለቀ።

ያሠለጠኑትን ባለሙያዎች አልወቅስም። ከሥልጠናው ወጪ አብዛኛው ውሎ አበልና ትራንስፖርት ነው። የሩቅ ቀበሌ ልጅ ከተማ መጥቶ ማደሪያና ምግብ ይፈልጋል፤ ካልተከፈለው አይመጣም። ቀን በጨመረ ቁጥር ብሩ ይሮጣል። ለማስተማር አምስት ቀን ሥልጠና ይበቃል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አምስት ቀን የሆነው ብሩ እዚያ ላይ ስላለቀ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በበዓል ነው። ጎጃም ላይ ገበሬ የማያርስበትን ቀን ለማወቅ የማንም መመሪያ አያስፈልግም። እሑድ አለ። ከወሩ ደግሞ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ እህል ቀመስ ካደረገ በኋላ ይመጣል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከመጡበት ምክንያት ቀዳሚው ስልክ ነው። አረብ አገር ያለች ልጇን ራሷ መደወል የምትፈልግ እናት አለች፤ ጎረቤት በደወለላት ቁጥር ምስጢሯን ጎረቤት ይሰማዋል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ከባሏ ስም ጋር ተጽፏል ሲባል የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ ማሳየት የፈለገች አለች። ገበያ ላይ የነጋዴን ሚዛን ማንበብ የፈለጉ ብዙ ናቸው። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ አብዛኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ልጁ ደግሞ የሠለጠነው ፊደል ነው።

ከወንዶቹ መሀል አንድ ቄስ ነበሩ። ንባባቸው ከአስተማሪው ይበልጣል፤ ዳዊት የሚደግሙት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። መጻፍ ግን እጃቸው አልለመደም። የፈረንጁን ቁጥርም አያውቁትም። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሃያ አምስትን እንዲጽፉ ተጠየቁና 205 ብለው ጻፉ። ልጁን ሳቅ አመለጠው። «አባ፣ ይሄኮ ሁለት መቶ አምስት ነው» አላቸው። ሴቶቹም ሳቁ። ቄሱ ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ፤ በሚቀጥለው በዓል አልመጡም። በሚቀጥለውም።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቄሱ አልተሳሳቱም፤ የሚያውቁትን ነው የሠሩት። በግዕዝ ቁጥር ሃያ የራሱ ምልክት አለው፣ ፳። አምስትም የራሱ አለው፣ ፭። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፳፭ ሆነ። ቄሱም ሃያን 20 ብለው ጻፉ፣ አጠገቡ 5 አኖሩ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። አሥሩም ሃያውም ሠላሳውም የየራሱ ምልክት አለው። ስለዚህ 2 ቁጥር ከ5 በፊት ስለቆመች ብቻ ሃያ ትሆናለች የሚለው ነገር ለእሳቸው ፍጹም አዲስ ነው። ፊደል ያልቆጠሩት ሴቶችም ሲጽፉ ያው 205 ነው የሚሉት፤ አፋቸው «ሃያ አምስት» ስለሚል እንደሰሙት ይጽፉታል። ኋላ ደብተራቸውን ስናገላብጥ መቶ አምስት 1005፣ ሠላሳ ሁለት 302 ሆኖ አገኘነው። ልጁ ይህን ሁሉ በቀይ እየሰረዘ «ድጋሚ ሥሩ» ይል ነበር። ምን ያድርግ? ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያሳየው የለም።

አበሉ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የወረዳ በጀት ከክልል በጥቅል ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ከሚመጣው ገንዘብ አብዛኛውን ደመወዝ ይወስደዋል። የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ነው፦ ነዳጅ፣ ወረቀት፣ ውሎ አበል፣ የሞተር ሳይክል ጥገና። በእኛ ወረዳ የአመቻቹ አበል የተያዘው ከዚህ ከተረፈው ውስጥ ነበር። የመምህር ደመወዝ በወሩ ካልገባ ወረዳው ይታመሳል። የአመቻች አበል ቢዘገይ ግን የሚጮኽ ሰው የለም። ክፍያው በየሩብ ዓመቱ፣ ሪፖርትና የተማሪ መቆጣጠሪያ ከቀረበ በኋላ ነው። መጠኑን አልጠቅስም። የቀን ሠራተኛ በጥቂት ቀን የሚያገኘውን ያህል ነበር።

ልጁ ከአጨዳና ውቂያ በኋላ ጀምሮ እስከ ሰኔ አስተማረ። የአንዱን ሩብ ዓመት ተከፈለው። የመጨረሻውን ሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያስገባ የቀበሌ ማኅተም ጎደለው ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ሄደው ነበር። ማኅተሙ ተመትቶ ሲመለስ ሰኔ 30 አልፏል። በጀቱ ተዘግቶ የቀረው ገንዘብ ተመላሽ ሆኗል። «በአዲሱ በጀት ይታይልሃል» ተባለ። አልታየለትም። ጳጉሜ ላይ አገኘሁትና «ዘንድሮስ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «መምህር፣ መተማ ሰሊጥ ደርሷል» አለኝ። መስከረም ላይ ሄደ። በአጨዳው ያገኘውን ሲነግረኝ፣ እንዲመለስ ለመለመን አፌ አልደፈረም።

ሁለተኛዋ አመቻች ያገባች፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። እሷም አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመችው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የመረጧት። «ተነስታ አትሄድብንም» አሉ። እሷ ስትጀምር የወረዳው የዓመቱ ሥልጠና አልፎ ነበር። ለሚቀጥለው ትጠሪያለሽ ተባለች። ስለዚህ ያለ ምንም ሥልጠና ገባች፤ እንደ እውነቱ ይህ ሳይጠቅማት አልቀረም።

በትምህርት ቤታችን አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፣ የ205ን ነገር ስነግረው እንቅልፍ ያጣ። «ይሄ እኮ የቦታ ዋጋ ነው» አለ፤ አንድ አኃዝ እንደቆመበት ቦታ ዋጋው ይለያያል ማለቱ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ከእሷ ጋር ለመቀመጥ ተስማማ። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያም ጎትቶ አመጣው። ወጪው ሻይ ብቻ ነው። አጀንዳም ሞጁልም የለውም። እሷ በወሩ ውስጥ ያልገባትን ይዛ ትመጣለች፣ እነሱ ያሳዩዋታል፣ በሚቀጥለው እሑድ ክፍል ውስጥ ትሞክረዋለች፣ ያልሠራውን ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ብዙ የከተማ ሥልጠና አይቻለሁ። እንዲህ የሠራ አላየሁም።

ለቁጥሩ ያገኙት መፍትሔ የአሥር ብር ኖትና የአንድ ብር ሳንቲም ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ይሰመራል። በግራ የአሥር ብሩ፣ በቀኝ የአንድ ብሩ። ሃያ አምስት ብር ስጡኝ ስትላቸው ሁለት ኖትና አምስት ሳንቲም ያስቀምጣሉ። በየዓምዱ ስንት አለ? 2 እና 5። በቃ፣ 25። ሠላሳ ብር ሲሆን በቀኝ በኩል ሳንቲም የለም፤ የለም የሚለውን ዜሮ ይጽፈዋል። ሴቶቹ ይህን በአንድ ቀን ያዙት።

ቄሱን ለመመለስ እሷ ቤታቸው ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ አይደለም የሄደችው። «አባ፣ የግዕዙን ቁጥር አስተምሩኝ» ነው ያለቻቸው። እሳቸው እየነገሯት ከአንድ እስከ መቶ በትልቅ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ በአንዱ በኩል የግዕዙን፣ በሌላው የፈረንጁን። ወረቀቱን እሳቸው ራሳቸው ይዘው መጥተው ግድግዳው ላይ አስለጠፉት።

የማዳበሪያውን ሒሳብ የግብርና ባለሙያው ነው ያመጣው። በፊት የሚሰጠው ምክር ለጤፍ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ግድም ነው። ታዲያ ለአንድ ጥማድ ዩሪያው ስንት ነው? 25 ኪሎ። ሦስት ጥማድ ያላት? 75። ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ አንድ ተኩል ከረጢት። አንዲት ሴት ሒሳቡን ጨርሳ ቀና አለችና «የኛ ሰውዬ ሁለት ከረጢት ነው የሚገዛው፤ ግማሹ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማታ ቤቷ ምን እንደተባለ አልሰማንም። ከዚያ በኋላ ግን ባልየውም መማር ጀመረ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የአእምሮ ስሌታቸው ነው። ሰባት እንቁላል፣ አንዱ በ3 ብር ከ50 ሲሸጥ ስንት ይሆናል ሲባሉ፣ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ማባዛት ሳይጨርስ 24 ብር ከ50 አሉ። እንዴት አገኛችሁት ሲል፣ «ሁለት ሁለቱ ሰባት ብር፣ ስድስቱ ሃያ አንድ፣ የአንዷ ሲጨመር» አሉት። ሒሳብ ያውቃሉ። የጎደላቸው በጭንቅላት ያለውን ወደ ወረቀት ማውረድ ነው። አመቻች «አራቱን መደቦች» ከዜሮ ሲጀምርላቸው እንደ ሕፃን የተቆጠሩ መስሏቸው ይሰለቻሉ። የሥልጠናው ሰነድ ላይ ግን የሚያስሉበትን መንገድ አስቀድማችሁ ጠይቁ የሚል ነገር አልነበረም።

አበሉ በዚያ ዓመትም ዘገየ። ሴቶቹ ይህን ሲያውቁ ተመካከሩና ጤፉ ሲገባ እያንዳንዳቸው አንድ ቁና ሊያዋጡላት ወሰኑ። አንዲት እናት «ልጄ፣ የኔታን ያበላን ሰዎች አንቺን አናስርብሽም» አሏት። ጎጃም ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪውም መምህሩም ከሕዝቡ ነው የሚበላው። ጤፉ መጣ፤ እሷም ደስ አላት። እኔ ግን አልተመቸኝም፤ ያልተመቸኝም በከንቱ አልነበረም። ቁናውን መስፈር ያልቻለች አንዲት ባልቴት አፍራ ቀረች። ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ እሷ ግን ሌሎቹ ሲሰፍሩ ባዶ እጇን መቀመጥ ከበዳት። ከሁሉም በላይ መማር የምትሻው እሷ ነበረች።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከወረዳ መጣ። ቀበሌው የእህሉን ነገር «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚለው ሥር ሪፖርት አደረገ። ወረዳው ወደደው። በግምገማ ላይ «መልካም ተሞክሮ» ተብሎ ተነበበ። በሚቀጥለው በጀት የጣቢያችን አበል መስመር ተሰረዘ፤ ኅብረተሰቡ ሸፍኖታላ! ተሞክሮው ወደ ሌሎች ጣቢያዎች እንዲሰፋም ተወሰነ። ጥናት ሳይሆን ቀልድ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ፤ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ።

ሴቶቹ በገበያ ቀን ተሰብስበው ወረዳ ሄዱ። የመገኘት መቆጣጠሪያውን ይዘዋል። ስማቸውን ራሳቸው የፈረሙበት ነው። ኃላፊው «እናንተ እየከፈላችሁ አይደለም እንዴ?» ሲላቸው፣ «እኛ ለልጃችን ስጦታ ሰጠን፤ እናንተ ደግሞ የቀጠራችኋትን ክፈሉ» አሉ። እህሉ ወደ ፊት ለፋኖስ፣ ለጠመኔና ለክፍሉ ጥገና እንዲሆን፣ አበሉ ደግሞ እንዲመለስ ተስማሙ። ከበጀት ዓመቱ አጋማሽ ጀምሮ ተመለሰ። ያለፈው ስድስት ወር አልተከፈለም። ኅብረተሰቡ ያዋጣ የሚለውን ሐሳብ አልጠላም። ክፍል ይሥራ፣ መብራት ይግዛ። የሰው ጉልበት ዋጋ ላይ ሲመጣ ግን ወረዳው በመስመሩ ይክፈል። አለዚያ ድሃው ተማሪ ይቀራል፤ ወረዳውም ያረፈ ይመስለዋል።

ሁለተኛዋ አመቻች የሁለት ዓመቱን ዙር አስጨረሰች። ከዚያ ቀበሌው ውስጥ በኮንትራት ጸሐፊነት ተቀጠረች። ደመወዙ በየወሩ ይገባል። ማን ይፈርድባታል? ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀች፦ የሚተካት ሰው ሁለት ወር አብሯት ክፍል ይግባ። የሒሳብ መምህሩም እኔም ደገፍናት። ከዚህ የተሻለ፣ ከዚህም የረከሰ ሥልጠና ከየት ይመጣል? ውሎ አበል የለው፣ ትራንስፖርት የለው።

ተተኪው ከቀድሞ ተማሪዎቿ የአንዷ ልጅ ነው። መጣ፣ ከኋላ ተቀመጠ፣ ቀስ በቀስ የዓምዱን ትምህርት እሱ መስጠት ጀመረ። በሩብ ዓመቱ የሁለቱንም ስም ጽፈን ክፍያ ጠየቅን። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት መለሰው። የክፍያ ቅጹ ለአንድ ጣቢያ አንድ ስም፣ አንድ ፊርማ ነው የሚቀበለው። የመማሪያ ጊዜ የሚባል መደብ የለም። ሥልጠና ከሆነ የሥልጠና በጀት ነው፤ ያ ደግሞ የሚወጣው የወረዳው ከተማ ላይ ለሚሰጥ ሥልጠና ነው። እሷ በስሟ ፈርማ ተቀበለችና ግማሹን ለእሱ ሰጠችው።